ጥላሸትና ሙጫ

ከደሴ ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ተነስተን ጉጉፍቱ ስንደርስ ነጋልን። ብርዱ በቅጥቅጧ መስኮት ስንጥቅ እየሾለከ ጉልበት ይቆረጥማል። ከጎኔ የተቀመጡት አዛውንት ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ስበው፣ ስንነሳ «ቢስሚላህ» ካሉ ወዲህ ቃል አልወጣቸውም። የምሄደው ወደ ከላላ ነው። የደቡብ ወሎን ምዕራባዊ ደጋ ከዚህ በፊት የማውቀው በመካነ ሰላም በኩል፣ እስከ ቦረና ብቻ ነበር። ደጋው እዚያም እዚህም አንድ ነው፤ የገብስ ማሳ፣ ፀጉራቸው የረዘመ በጎች፣ ከዚያ መሬቱ ድንገት ይቆረጥና ገደል። ገደሉ ወርዶ ወርዶ ቆላ ይሆናል። የቆላው ወንዞች፣ በሽሎም ወለቃም ጀማም፣ መጨረሻቸው ዓባይ ነው።

ከላላ ለመድረስ አንድ ሰዓት ያህል ሲቀረን ከኋላ በኩል የሚያፏጭ ድምፅ ተሰማ። ረዳቱ አንገቱን በበሩ አውጥቶ አየና አንዲት ቃል ብቻ ተናገረ።

«ጎማ!»

ቃሉን ስንት ሺህ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ያን ሰሞን ግን የማነበው ስለ ላቲን ልጆች ነበር፤ ስለ ጣሊያንኛ፣ ስለ ስፓኒሽ፣ እንዲሁም በስዊዘርላንድ ተራሮች መካከል 60 ሺህ ያህል ሰዎች ስለሚናገሩት ሮማንሽ ስለተባለ ቋንቋ። ከማስታወሻዬ ገጾች በአንዱ ላይ ስፓኒሽና ሮማንሽ የሚጋሯቸውን ቃላት ጽፌ ነበር። ስፓኒሹ «ጎማ» ይላል፤ ሮማንሹ «ጉማ»። ረዳቱ ሲጮህ ያ ገጽ ፊቴ ላይ ተዘረጋ።

የተነፈሰው ከኋላ ጥንዶቹ አንዱ ስለነበር ቅጥቅጧ በደህናው እየተደገፈች እስከሚቀጥለው መንደር ተሳበች። ትርፉ ጎማ ትናንት ተበስቶ ያልተጠገነ መሆኑን የሰማነው እዚያ ስንደርስ ነው። ተሳፋሪው አጉረመረመ። «አብሽሩ፣ እዚሁ ጎሚስታ አለ» አለ ሹፌሩ። እውነትም ከመንገዱ ዳር በእንጨት ላይ የተሰቀለ አሮጌ ጎማ ይታያል፤ በነጭ ቀለም፣ ፊደሉ የክቡን ጎን ተከትሎ፣ «ጎሚስታ» ተብሎ ተጽፎበታል።

ልጁ ከ20 ዓመት አይበልጥም። ክሪኩን ከሥር አስገባ፣ ቡሎኖቹን ፈታ፣ ቸርኬውን አላቀቀ፣ ከውስጥ ካላማዳሪውን እንደ አንጀት ጎትቶ አወጣ። ቆሜ የእጁን ሥራ ሳይ የአፉን ቃላት እቆጥር ነበር። ክሪክ፣ ቡሎን፣ ቸርኬ፣ ሁሉም ከጣሊያን የመጡ ናቸው። «ካላማዳሪ» ደግሞ ጣሊያኖች «ካሜራ ዳሪያ» የሚሉት ነው፤ የአየር ክፍል፣ የአየር ቤት ማለት። የእኛ ሰው «ር»ዋን ወደ «ል» ቀይሮ፣ ለምላሱ እንዲመች አለስልሶ ወሰደው። ባሌስትራም እንዲሁ ነው። የመኪናው ክብደት የሚያርፍበት ያ የተደራረበ ብረት በጣሊያንኛ የጥንት ተዋጊ ቀስት የሚስብበት መሣሪያ ስም ነበረው፤ ሁለቱም ጎብጠው ስለሚወጠሩ። ልጁ ይህን ሁሉ አያውቅም፤ ለሥራውም አያስፈልገውም። ቋንቋውን ግን ከማንም ምሁር በተሻለ ይናገረዋል።

«ምን ትጽፋለህ ጋሼ?» አለኝ ደብተሬን አይቶ።

ስለ ሙያው ስም እንደሆነ ነገርኩት። በጣሊያንኛ «ጎማ» ላይ «ኢስታ» ሲጨመር የጎማ ባለሙያ እንደሚሆን፣ ቡና የሚያፈላው «ባሪስታ» የሚባለውም በዚያው መንገድ እንደሆነ አስረዳሁት።

«እኔ እኮ ጎሚስታ ማለት ቤቱ ይመስለኝ ነበር» አለ።

ልክ ነው። አማርኛ ቃሉን ከሰውየው ላይ አንስቶ ለቤቱም ሰጥቶታል። «ጎሚስታ ጋ ውሰደው» እንላለን፤ «ጎሚስታ ከፈተ» እንላለን። ከዚህ ከአሥር ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ በአርጀንቲና መንገድ ዳር ያለው ወንድሙ «ጎሜሮ» ይባላል፤ ቤቱም «ጎሜሪያ»። የሁለቱም ቤት ምልክት የተሰቀለ አሮጌ ጎማ ነው።

ስፓኒሽ ቃሉን በየአገሩ እንደየፈቃዱ ዘርግቶታል። ስፔን ውስጥ ተማሪ «ጎማ» ካለ የእርሳስ ጽሑፍ ማጥፊያ ፈልጎ ነው። እኛ ያንን ላጲስ እንለዋለን፤ ላጲስ ደግሞ በጣሊያንኛ ራሱ እርሳሱ ነው። የጣሊያኑ መጻፊያ አማርኛ ውስጥ ሲገባ መደምሰሻ ሆነ። በኩባና በፖርቶ ሪኮ «ጎማ» ልክ እንደ እኛው የመኪና እግር ነው። በጓቲማላና በኮስታ ሪካ ግን ሌሊት ሲጠጣ ያደረ ሰው ጠዋት ራሱን ይዞ «ጎማ ላይ ነኝ» ይላል፤ እኛ ሐንጎቨር የምንለው። ማጣበቂያም ጎማ ነው፣ የሚኘከውም ጎማ ነው። ሮማንሾቹ «ጉማ» ሲሉ የሚለጠጠውን ነገር ራሱን ማለታቸው ነው።

ስለ ሮማንሾቹ ትንሽ ልበል፤ ከዚህ ደጋ ሆኜ ሳስባቸው ቅርብ ሆነውብኛልና። የሮማ ወታደሮች ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት ወደ አልፕስ ተራሮች ላቲን ይዘው ወጡ። ሮማ ወደቀች፤ በዙሪያው ያለው ቆላ ጀርመንኛና ጣሊያንኛ ሲሆን በሸለቆዎቹ መካከል የቀረው ሕዝብ የራሱን ላቲን ይዞ ቆየ። ሸለቆ ከሸለቆ ስለማይገናኝ ቋንቋው አንድ ሆኖ እንኳ አምስት የአጻጻፍ ዓይነት አወጣ። በፈረንጆቹ 1938 የስዊዘርላንድ ሕዝብ ድምፅ ሰጥቶ አራተኛ ብሔራዊ ቋንቋው አደረገው። ተራራ ቋንቋን ይሸሽጋል። እዚሁ ወሎ ውስጥ ሾንኬ ተራራ ላይ አርጎብኛ የሚነገረውም ተራራው ስለሸሸገው ነው ብዬ አምናለሁ።

ታዲያ ስፓኒሹም ሮማንሹም ጣሊያንኛውም ቃሉን ያገኙት ከላቲን ነው። ላቲን «ጉሚ» ወይም «ኩሚ» ይለው ነበር። ላቲን ከግሪክ ወሰደው፤ ግሪኩ «ኮሚ» ነው። ግሪክም የራሱ አልነበረም። ከጥንት ግብፃውያን ነው የመጣው። ግብፆች አናባቢ ስለማይጽፉ ቃሉ እንዴት ይነበብ እንደነበር ዛሬ በትክክል የሚናገር የለም፤ ተነባቢዎቹ ግን ቅ፣ ም፣ ይ፣ ት ናቸው። ትርጉሙም የዛፍ ሙጫ።

የሙጫው ዛፍ ግራር ነው። ሄሮዶቱስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በአምስተኛው መቶ ዓመት ግብፅን ሲጎበኝ የጭነት ጀልባ የሚሠሩበትን እሾሃማ ዛፍ አይቶ፣ እንባው «ኮሚ» እንደሆነ ጽፏል። ሬሳ ሲያደርቁም በበፍታ ጠቅልለው በዚሁ ኮሚ እንደሚለብጡትና ግብፆች በሌላ ማጣበቂያ ፈንታ በእሱ እንደሚገለገሉ መዝግቧል። ቃሉ እንግዲህ የዓባይ ዳር ቃል ነው። ከእግራችን ሥር ያለው ገደል ውሃውን ወደ ወለቃና ወደ ዓባይ ይልካል፣ ዓባይ ወደ ካርቱም፣ ከዚያ ወደ ግብፅ። ውሃው በቀጥታ ይወርዳል። ቃሉ ግን በውሃው መንገድ አልተመለሰም። ባሕር ተሻግሮ ግሪክ ገባ፣ ሮማ ገባ፣ በጣሊያን ወዛደር አፍ ላይ ብዙ ዘመን ኖረ፤ ከዚያ ከቀይ ባሕር ወደ ላይ፣ ከአሥመራ ጋራዥ ወደ ደሴ፣ ከደሴ ወደዚህ ደጋ በቅጥቅጥ ወጣ።

መሀል መንገድ ላይ ትርጉሙ ተለውጧል። ከደቡብ አሜሪካ ዛፍ የሚወጣው የሚለጠጥ ወተት አውሮፓ ሲደርስ የራሱ ስም ነበረው፤ ስፓኒሾች ከአገሬው ሰው ወስደው «ካውቾ» ይሉታል። ተራው ሰው ግን ከዛፍ ቆዳ የሚፈስ፣ የሚጣበቅ ነገር ሲያይ በአፉ የነበረውን ቃል ሰጠው፤ ጎማ። በፈረንጆቹ 1839 ቻርልስ ጉድይር የተባለ አሜሪካዊ ያንን ነገር ከድኝ ጋር ሲያግለው በሙቀት የማይቀልጥ፣ በብርድ የማይሰባበር ሆነ። በ1888 ጆን ደንሎፕ አየር ሞላበትና ለብስክሌት አዋለው። የመጀመሪያው መኪና በእኛ 1900 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተነስቶ አዲስ አበባ ምኒልክ ፊት ሲቆም፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ጣሊያን መንገድ ሲጠርግና ካሚዮን ሲያነዳ፣ አማርኛ ለነገሩ ስም ያስፈልገው ነበር። ለዛፉ እንባ ሙጫ የሚል የራሱ ቃል ስላለው ጎማን ለዚያ አልፈለገውም። የወሰደው ለመንኮራኩሩ ብቻ ነው፤ ከዚያም ለባልዲውና ከአሮጌ ጎማ ተቆርጦ ለሚሰፋው በረባሶ።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ። ድምፅ ስለገጠመ ዘመድ አይሆንም። በጅማ በኩል ከጊቤ መንግሥታት አንዱ የነበረው ጎማ ከዚህ ቃል ጋር አይገናኝም፤ ጃፓኖች ሰሊጥን «ጎማ» ማለታቸውም እንዲያው ግጥምጥሞሽ ነው። ቃል ዘመዱን የሚያገኘው በመልክ ሳይሆን በጎዳናው ነው፤ ማን ከማን ተቀበለ፣ ምን ይዞ መጣ በሚለው።

ልጁ ካላማዳሪውን ነፍቶ በውሃ ሳህን ውስጥ አዞረው። አረፋ ወጣ። የተበሳበትን ቦታ ፈገፈገና ከቆርቆሮ ጣሳ ማስቲሽ ቀባበት። ሽታው አፍንጫዬን ሲመታኝ ሌላ ነገር ትዝ አለኝ። ማስቲሽም መነሻው የዛፍ ሙጫ ነው! ኪዮስ በምትባል የግሪክ ደሴት ላይ የሚበቅል ቁጥቋጦ አለ፤ ሰዎች ሙጫውን ያኝኩታል፣ ስሙም በግሪክኛ ከማኘክ ጋር ይያያዛል። ከዚያ ስም ጣሊያኖች ማጣበቂያውን «ማስቲቼ» አሉት፤ እኛ ማስቲሽ። ከዚያው ስም ልጆቻችን የሚያኝኩት ማስቲካ መጣ። ይህ ልጅ እንግዲህ በሙጫ ሙጫን ይለጥፋል።

ይህን ጮክ ብዬ ተናግሬው ኖሯል። ከጎኔ የነበሩት አዛውንት ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ይሰሙኝ ነበርና፣ «ሙጫ ነው ያልከው የኔ ልጅ?» አሉኝ።

«አዎ አባባ፣ የግራር ሙጫ። ጎማ የሚለው ቃል ድሮ ትርጉሙ እሱ ነበር።»

ዝም ብለው ቆዩ። ከዚያ ጋቢያቸውን ከአፋቸው ላይ አወረዱና እስከዚያ ድረስ ከተናገሩት ሁሉ የሚበልጥ ተናገሩ። ትውልዳቸው ከደጋው ጫፍ ሥር፣ ቆላው ከሚጀምርበት ነው። ፍየል ሲጠብቁ ከግራሩ ቆዳ ላይ ሙጫ እየፈለቀቁ ያኝኩ ነበር፤ ወርቅ የመሰለውን መርጠው፣ የጠቆረውን ትተው። አሥር ዓመት ሲሞላቸው አባታቸው ወስደው ለአንድ ሼህ ሰጧቸው፤ ደረሳ ሆኑ። ደረሳ ቁርኣንን የሚጽፈው በእንጨት ሎህ ላይ ነው፤ ሲያውቀው አጥቦ ሌላ ይጽፍበታል። ቀለሙን የሚያዘጋጁት ደግሞ ራሳቸው ደረሳዎቹ ናቸው።

«ከምጣዱ ሥር ጥላሸት እንፍቃለን» አሉ። «ትናንሾቹ እኛ ነን የምንፍቀው። ቆላ ወርደን ሙጫ እንለቅማለን። ሙጫው በውሃ ይዘፈዘፋል፣ ሲቀልጥ ጥላሸቱ ይገባበታል፣ ይለወሳል፣ ይታሻል። ሙጫ ካነሰው ጽሑፉ በእጅህ ይነሳል፤ ከበዛ ብዕሩ አይሄድም። ሼሁ በጥፍራቸው ነክተው ነበር የሚያውቁት።»

የሎሁ ውሃስ ብዬ ጠየቅኋቸው።

«እሱ አይደፋም። የአላህ ቃል ያለበት ነው። የታመመ ይጠጣዋል። የተረፈውን እግር በማይረግጠው ቦታ፣ ዛፍ ሥር ታፈሳለህ። በልብስህም ቀለም አትጠርግም።»

ብራና ጸሐፊዎቹም ቀለም የሚሠሩት በዚሁ ዓይነት ነው። ጥላሸቱ ላይ ያረረ እህል ይጨምሩበታል፣ ቀናትና ወራት ያሹታል፣ ማያዣው ግን ያው ሙጫ ነው። በወሎ የገዳሙ ደብተራና የመስጊዱ ደረሳ አንዱ ግዕዝ አንዱ ዓረብኛ ሲጽፉ የኖሩት ከአንድ ግራር በለቀሙት ሙጫ ነው። የፈርዖን ጸሐፊዎችም ፓፒረስ ላይ የጻፉበት ጥቁር ቀለም ጥላሸትና ሙጫ ነበር። ያ «ቅምይት» የተባለው ቃል ራሱ በቅምይት ተጽፎ ነው ለእኛ የደረሰን። እኚህ አዛውንት ግብፅን አያውቁም፤ ሥራውን ግን በአሥር ዓመታቸው በጣታቸው ያውቁት ነበር።

በዚህ መሀል የነገሩ ሁሉ ቋጠሮ ተገለጠልኝ፤ እስካሁንም ሳስበው ልቤ ይሞቃል። ጎማ ለምን ጥቁር ሆነ? የዛፉ ወተት ሲደርቅ ነጣ ያለ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ የመኪና ጎማዎችም ጥቁር አልነበሩም። ጥቁር ያደረጋቸው ጥላሸት ነው። በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ ፋብሪካዎች ከዘይትና ከጋዝ ጭስ የሚሰበሰብ ደቃቅ ጥላሸት ሲቀላቅሉበት ጎማው ከበፊቱ ብዙ እጥፍ የሚጠነክር፣ ቶሎ የማይበላ ሆነ። ዛሬም ያለ ጥላሸት የመኪና ጎማ የለም ማለት ይቻላል። የሚለጠጠው ነገር ከዛፍም ይምጣ ከነዳጅ፣ ስሙ ሙጫ ነው፤ ውስጡ የገባው ጥላሸት ነው።

ይህንኑ ለአዛውንቱ ነገርኳቸው። አላመኑኝም። ተነስተው ልጁ ወደ ጎን ጠጋ ያደረገው ጎማ ዘንድ ሄዱና የቀኝ እጃቸውን አውራ ጣት ጎኑ ላይ ጫን አድርገው አሹት። አነሱትና ወደ ብርሃኑ አቀረቡት። ጣታቸው ጠቁሯል። በአመልካች ጣታቸው መልሰው አሹት፤ ልክ ሼሁ ያደርጉ ነበር እንዳሉት፣ መወፈር መቅጠኑን እንደሚለካ ሰው።

«ሙጫው በዝቶበታል» አሉ።

ልጁ ሳቀ። ጎማው ቸርኬው ላይ ተመልሶ ተነፋ፣ ቡሎኖቹ ጠበቁ፣ ክሪኩ ወረደ። ሹፌሩ ጥሩንባ ነፋ። ተሳፋሪው ሲጋፋ አዛውንቱ እጃቸውን ከጋቢያቸው አርቀው፣ ጣቶቻቸውን ዘርግተው እንደያዙ ረዳቱን ውሃ ለመኑት። ረዳቱ ጀሪካኑን አንስቶ እዚያው በሩ ሥር ሊያፈስላቸው ሲል «እዚህ አይደለም» አሉት። ከመንገዱ ወጡ፤ ከጎሚስታው ቤት ጀርባ ያለች አንዲት ጥድ ሥር ሄደው ጎንበስ አሉ፤ ረዳቱም ተከትሏቸው ሄዶ አፈሰሰላቸው።